ጥቀርሻው ያልተጠረገ አዳራሽ

ቤይሊፍ የሚባለውን የእንግሊዝ ገበሬ ቤት ደፍ የተሻገርኩት በአንድ ዝናባማ የጥቅምት ቀን ነበር። ከለንደን እስከ ቺችስተር በባቡር፣ ከዚያ በሰሴክስ ግዛት ሲንግልተን ወደምትባለው መንደር በአውቶቡስ ተጉዤ፣ ዌልድ ኤንድ ዳውንላንድ በተባለው የጥንት ቤቶች ሙዚየም ግቢ ውስጥ ጭቃውን እየረገጥኩ ስጠጋ፣ ቤቱን በወጉ ሳላየው ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። የእንጨት ጭስ ነው። ቤቱ ሁሉ በጋዝና በቧንቧ በሚሞቅበት ከተማ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ያንን ሽታ የረሳሁት ይመስለኝ ነበር፤ አልረሳሁትም። ወደ ውስጥ ገብቼ ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆምኩ። ከዚያ በወለሉ መካከል የሚነደውን እሳት፣ ከእሳቱ በላይ ኮርኒስ ሳያግደው እስከ ጣሪያው አናት የሚዘልቀውን ባዶ ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ ከሰል የጠቆሩትን የጣሪያ እንጨቶች አየሁ።

ጥቀርሻ ነበር። እኔ ያደግኩት ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ፣ በሳር ክዳን ቤት፣ በዚሁ በጥቀርሻ ሥር ነው። እናቴ የፋሲካና የዘመን መለወጫ ዋዜማ በደረሰ ቁጥር በረጅም እንጨት ጫፍ ቅጠል አስራ ጣሪያውን ትጠርግ ነበር። ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ወጥ ውስጥ የሚወድቅ ጥቀርሻ በእንግዳ ፊት የቤቱን እመቤት የሚያሳፍር ነገር ነበርና፣ እኔም ከተማ ገብቼ ከተማርኩ በኋላ ስለዚያ ቤት ለጓደኞቼ ሳወራ ጥቀርሻውን አላነሳም ነበር። በቤይሊፍ አዳራሽ ውስጥ ጎብኚዎችን የሚያስተናግዱት ሽማግሌ ግን እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው፣ በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሰነድ ያ ጥቁሩ ነገር መሆኑን ነገሩኝ። ሰነድ ነው ያሉት። ቃሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት ስለ እንግሊዝ ገበሬ ቤቶች ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ የቻልኩትን ያህልም እየሄድኩ ሳይ ቆየሁ። የሚከተለው የዚያ ውጤት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤይሊፍ መጀመሪያ የቆመው ዛሬ ባለበት ቦታ አይደለም። የተወለደው በኬንት ግዛት፣ ቺዲንግስቶን በሚባል አጥቢያ ነው። በ1960ዎቹ ባው ቢች የተባለው የውኃ ማጠራቀሚያ ግድብ በዚያ ሸለቆ ሲሠራ ቤቱ በነበረበት መቆየት ስላልቻለ፣ በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ እንጨት ቁጥር ተሰጥቶት ተፈታ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም ሲንግልተን ላይ እንደገና ቆመ። ሙዚየሙን ያቋቋሙት ሮይ አርምስትሮንግ የሚባሉ ሰው ናቸው። መንገድና ግድብ እየተሠራ፣ መንደሩም እየተለወጠ ሲሄድ የተራ ሰው ቤት ያለ ጠያቂ ሲፈርስ ማየቱ እያሳሰባቸው ሥራውን በ1967 ጀመሩ፤ በሩም በ1970 ለሕዝብ ተከፈተ። ቤተ መንግሥትና ካቴድራል ጠባቂ አላቸው። የገበሬ ቤት ግን በዚያ ዘመን ጠባቂው ባለቤቱ ብቻ ነበር።

አምስት መቶ ዓመት ያለፈው ቤት እንዴት ተፈትቶ እንደገና ይቆማል? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ስለ ቤቱ ያለኝን ግምት ሁሉ ለወጠው። ቤቱ ከመጀመሪያውም እንዲፈታና እንዲገጠም ሆኖ የተሠራ ነው። የዘመኑ አናጢ ኦክ የሚባለውን ጠንካራ ዛፍ ይቆርጣል፤ እስኪደርቅ ግን አይጠብቅም፤ የደረቀ ኦክ ለመጥረቢያና ለመሮ እንደ ብረት ያስቸግራልና እርጥቡን እንዳለ ይጠርበዋል። በአንዱ እንጨት ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይፈለፍላል፣ የሌላውን ጫፍ እንደ ምላስ አድርጎ ያወጣል፣ ሁለቱን አግብቶ ጎን ለጎን በበሳው ቀዳዳ የእንጨት ችንካር ይመታበታል። ምስማር የለበትም። እንጨቱ በዓመታት ውስጥ እየደረቀ ሲኮማተር መገጣጠሚያው ይበልጥ ይጠብቃል፤ እንጨቱ ራሱ ግን ይጣመማል፤ ዛሬ በእነዚህ ቤቶች የምናየው ጎበጥ ዘመም ያለ መልክ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው እንጂ የአናጢው ስህተት አይደለም።

አጽሙ በመጀመሪያ የሚገጠመው በአናጢው ሥራ ቦታ፣ መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር። ሁሉም ልኩን ካገኘ በኋላ አናጢው በየመገጣጠሚያው ላይ የሮማውያን ቁጥር በሚመስል ጭረት ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ ይፈታል፣ በጋሪ ይጫናል፣ ቤቱ በሚቆምበት ቦታ ምልክቱ እየታየ እንደገና ይገጠማል። እነዚህ ጭረቶች ዛሬም ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ይታያሉ። በቤይሊፍ አዳራሽ አንዱን በጣቴ ተከትዬዋለሁ። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት አንድ አናጢ ለራሱና ለረዳቶቹ የጻፈው ማስታወሻ፣ በ1960ዎቹ ቤቱን ለፈቱት ሰዎችም ሥራውን አቀለለላቸው ማለት ነው።

የቤቱን ዕድሜ የነገረንም ይኸው እንጨት ነው። ኦክ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ዝናብ በበዛበት ዓመት ሰፊ፣ በድርቅ ዓመት ጠባብ። ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻው ቀለበት ከተረፈ ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት፣ አንዳንዴም ወቅቱን ጭምር ማወቅ ይቻላል። እንጨቱ በእርጥቡ ስለሚሠራበት ደግሞ ዛፉ የተቆረጠበትና ቤቱ የቆመበት ጊዜ እጅግ ይቀራረባሉ። በዚህ ዘዴ የቤይሊፍ አዳራሽና የታችኛው ጫፍ ከ1405 እስከ 1430 ባለው ጊዜ እንደተሠሩ፣ የላይኛው ጫፍ ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደተጨመረ ታውቋል። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ቤቱን ሠርቶ፣ ሌላው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሲያድግ አሰፋው።

ለምን በዚያ ዘመንና በዚያ አገር? ዌልድ የሚለው ስም በጥንታዊው እንግሊዝኛ ደን ማለት ነው፤ የኬንት፣ የሰሪና የሰሴክስ ግዛቶች የሚገናኙበት ጫካማ አገር ስለሆነ እንጨት ሞልቷል። ነገር ግን እንጨት ብቻውን ቤት አይሠራም። ከ1348 እስከ 1349 በእንግሊዝ ያለፈው ታላቁ ወረርሽኝ ከሕዝቡ ምናልባት እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ፈጀ። ከሞት የተረፈው ጭሰኛ ጉልበቱ ተወደደ፤ ባለቤት ያጣ መሬት በርካሽ ተገኘ፤ ጌቶች በሕግ ሊያግዱት ቢሞክሩም የሠራተኛ ደመወዝ ጨመረ። በሁለት ትውልድ ውስጥ ከተራው ገበሬና ከመኳንንቱ መካከል ዮማን የሚባል፣ መሬት ያለው፣ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያርስ መደብ በርትቶ ወጣ። በኬንት ደግሞ ገበሬው ከሌላው የእንግሊዝ አገር ይልቅ ነፃ ነበር፤ መሬትም እንደሌላው ቦታ ለበኩር ልጅ ብቻ ሳይሆን ለወንዶች ልጆች ሁሉ እኩል ይከፋፈል ነበር። ርስት ሲካፈል ያየ የአማርኛ አንባቢ ይህ ምን ዓይነት ኑሮና ምን ዓይነት ክርክር እንደሚያመጣ ሳይነገረው ያውቃል። እነዚህ ቤቶች ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ የመጡ መሆናቸውን ሳስብ፣ ውበታቸውን ያለ ሐዘን ማየት አልችልም።

የቤቱ መልክ የሚታወቅ ነው። መካከሉ አንድ ረጅም አዳራሽ፣ በግራና በቀኙ ባለ ፎቅ ሁለት ጫፎች። የጫፎቹ ፎቅ ከታችኛው ግድግዳ አልፎ ወደ ፊት ወጣ ይላል፤ አዳራሹ ፎቅ ስለሌለው በሁለቱ መካከል ገባ ብሎ ይታያል። ሦስቱንም የሚያለብሰው ግን አንድ ትልቅ ጣሪያ ነው፤ በአዳራሹ ፊት ለፊት ጣሪያው ባዶ አየር ላይ እንዳይቀር ከሁለቱም ጫፎች የተወለገዱ ደጋፊ እንጨቶች ተዘርግተው ይሸከሙታል። ከሩቅ ሲያዩት ሁለት ትከሻውን አውጥቶ ደረቱን የሸሸገ ሰው ይመስላል።

ለዚህ ቤት አከፋፈል የአማርኛ ቃል ፍለጋ አላደከመኝም፤ ቃሎቹ ተዘጋጅተው የሚጠብቁኝ ያህል ነበሩ። መካከሉ አዳራሽ ነው። የታችኛው ጫፍ ጓዳ ነው፤ ሁለት ክፍል ሆኖ አንዱ ለዳቦና ለደረቅ ምግብ፣ ሌላው ለመጠጥ። የመጠጡ ጓዳ የእንግሊዝኛ ስም ቅቤን ከሚያመለክተው ቃል ጋር ቢመሳሰልም የመጣው በርሜል ከሚለው ነው፤ ስለዚህ የጠላ ጋን የሚቀመጥበት ጓዳ ብለው ብዙ አልሳትኩም። የላይኛው ጫፍ ፎቅ ደግሞ እልፍኝ ነው፤ የቤቱ ጌታና እመቤት ከአዳራሹ ሁካታ ተለይተው የሚያድሩበት፣ ሣጥናቸውን የሚያኖሩበት፣ በቤይሊፍ ደግሞ ከግድግዳው ወደ ውጭ የተንጠለጠለች ጠባብ መጸዳጃ ያለችበት ክፍል። ምግብ በብዛት የሚበሰለው እሳት እንዳይነሳ ሲባል ብዙ ጊዜ በተለየች ኩሽና ነበር። አዳራሽ፣ እልፍኝ፣ ጓዳ፣ ኩሽና። በእኛ አገር እነዚህ ቃላት የመኳንንትን ግቢ ሲያስታውሱ፣ በኬንት ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የተሳካለት ገበሬ ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር አስገብቷቸዋል።

አዳራሹ ራሱ ላይና ታች አለው። በታችኛው በኩል፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት በሮች መካከል መተላለፊያ አለ፤ ሠራተኛው፣ ለማኙ፣ ውሻው የሚገባው በዚያ ነው። በላይኛው ጫፍ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ የጌታው ገበታ ይቀመጣል። እሳቱ በመካከል። ጌታውም እረኛውም አንድ እሳት ይሞቃሉ፣ አንድ ጭስ ይተነፍሳሉ፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ከእሳቱ በየትኛው ወገን እንደተቀመጡ ነው። ይህ አቀማመጥ ከሕንፃው የማይለይ ነበር። አናጢው በላይኛው በኩል ያሉትን እንጨቶች ይበልጥ ያሳምራል፣ ለስላሳውን ፊታቸውን ወደ ጌታው ገበታ ያዞራል፤ በጓዳው በኩል ያሉት ግን ያለ ጌጥ ይቀራሉ።

ግድግዳው ለእኔ እንግዳ አልነበረም። በትላልቆቹ ቋሚዎች መካከል የኦክ ዘንጎች ይቆማሉ፤ በእነርሱ ላይ እንደ ማገር ቀጫጭን ተጣጣፊ እንጨት ይጠላለፋል፤ ከዚያ ሸክላ አፈር፣ የተከተፈ ጭድና የከብት እበት ተረግጦና ተቦክቶ በሁለቱም ወገን ይመረጋል፤ መጨረሻ ላይ ኖራ ይቀባል። ምርጊቱን በእጄ ስነካው ከእናቴ ቤት ግድግዳ የሚለየው በልስላሴው ብቻ መሰለኝ። እዚያው ሰሴክስ ውስጥ አልፍሪስተን በሚባል መንደር፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የዚሁ ዘር ቤት አለ። ናሽናል ትረስት የተባለው ቅርስ ጠባቂ ማኅበር በተቋቋመ በዓመቱ፣ በ1896፣ በ10 ፓውንድ የገዛው የመጀመሪያው ሕንፃ ነው። የአዳራሹ ወለል የተደቀደቀ የኖራ ድንጋይ ሆኖ በእርጎ ወተት ተለብጧል። ወለል በእበት ስትለቀልቅ ያደገች ሴት ይህን ብትሰማ አይገርማትም፤ እኔ ግን ወለሉ ላይ ቆሜ ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም። አራት ማዕዘን ዘንጎች ማዕዘናቸውን ወደ ፊት አዙረው በየተወሰነ ርቀት ቆመዋል፣ ከውስጥ በሳንቃ ይዘጋሉ። መስኮት ማለት በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የነፋስ ዓይን ነው፤ በቤይሊፍ አዳራሽ በጥቅምት የቆመ ሰው ስሙ ትክክል መሆኑን በአንገቱ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጥቀርሻው ልመለስ፤ ምክንያቱም ቤቱን ያስወደደኝ እርሱ ነው። የጭስ ማውጫ የሌለው እሳት ጭሱን ወደ ላይ ይልካል፤ ጭሱ በጣሪያው ሥር ይከማቻል፣ በክዳኑ ክፍተቶችና በጣሪያው ጫፎች አናት በተተዉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ይወጣል። በየቀኑ፣ ለመቶና ለሁለት መቶ ዓመት። በዚህ ምክንያት የአዳራሹ የጣሪያ እንጨቶች ይጠቁራሉ፤ በእልፍኙና በጓዳው ላይ ያሉት ግን ጭስ ስላልደረሰባቸው የእንጨት ቀለማቸውን ይዘው ይቀራሉ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ከውጭ ሲታይ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሚመስል የጡብ ቤት ውስጥ ገብቶ፣ ኮርኒስ ከፍቶ፣ ባትሪ ይዞ ወደ ጣሪያው ሥር ይወጣል። የጠቆረ እንጨት ካየ እዚያ ቤት ውስጥ አሮጌ አዳራሽ እንደተሸሸገ ያውቃል። ጥቁሩ የት ጀምሮ የት እንዳቆመ ሲያይ ደግሞ ግድግዳው ፈርሶ የጠፋ ቢሆን እንኳ አዳራሹ እስከ የት እንደነበር ይለካል። ጥቁር እንጨት በማይጠበቅበት ቦታ ከተገኘ፣ ያ እንጨት ከሌላ ቤት ፈርሶ የመጣ ነው። በእንግሊዝ ገጠር ብዙ ባለቤቶች በምሰሶዎቻቸው ላይ ባዶ ቀዳዳዎችን ሲያዩ እንጨቱ ከአሮጌ መርከብ የመጣ ነው ብለው ለእንግዳ ያወራሉ፤ አብዛኛው ግን ከባሕር ሳይሆን ከጎረቤት የፈረሰ ቤት የመጣ ነው።

ከዚህም የሚደንቅ አለ። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በተለይ በዴቨን ግዛት፣ የሳር ክዳን ሲታደስ የላዩ ብቻ ተነሥቶ አዲስ ይደረብበታል እንጂ የታችኛው ንብርብር አይነካም። በዚህ ልማድ ምክንያት በአንዳንድ ቤቶች የመጀመሪያው፣ በመካከለኛው ዘመን የተከደነው ጭድ፣ ጥቀርሻ እንደለበሰ እስከ ዛሬ አለ። ጥቀርሻው ከነፍሳትና ከመበስበስ ጠብቆታል። ተመራማሪዎች ከዚያ ጭድ ውስጥ ዛሬ በእርሻ ላይ የማይገኙ ረጃጅም የስንዴ ዓይነቶችን፣ አጃ፣ የማሳ አረምም ሳይቀር አግኝተዋል። የአምስት መቶ ዓመት እርሻ ከነአረሙ በጭስ ተቀምሞ ቆየ። አንድ ገበሬ በዚያ ዘመን ምን እንደዘራ የሚነግረን ሌላ እንዲህ ያለ ምስክር ከየት ይገኛል?

ጭሱን ግን ከሚገባው በላይ ማሞገስ አልፈልግም። አያቴ በስተርጅና ዐይኗ ያለ ማቋረጥ ያለቅስ ነበር፣ ሳሏም ከሩቅ ይታወቅ ነበር፤ ሁላችንም ምክንያቱን እናውቃለን። የኬንት ሴቶችም ከዚህ የተለየ ዐይን አልነበራቸውም። ስለዚህ የጭስ ማውጫ ሲመጣ ሰዎች ለምን እንደተቀበሉት መጠየቅ አያስፈልግም። በ1577 ዊልያም ሃሪሰን የተባለ፣ በኤሴክስ ግዛት የራድዊንተር አጥቢያ ቄስ የነበረ ሰው እንደመዘገበው፣ በመንደሩ የነበሩ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው እጅግ ተለወጠ የሚሉት ሦስት ነገር ነበር፤ የጭስ ማውጫ መብዛቱ፣ መኝታ መሻሻሉ፣ የእንጨት ሳሕንና ማንኪያ በቆርቆሮና በብር መተካቱ። በወጣትነታቸው በአብዛኛው የገጠር ከተማ ከሁለትና ከሦስት የማይበልጥ የጭስ ማውጫ ነበር። ሃሪሰን ራሱ ግን ለውጡን በሙሉ ልብ አልወደደውም። ጭስ ቀድሞ የቤቱን እንጨት ያጠነክር፣ ቤተሰቡንም ከጉንፋን ይጠብቅ ነበር ተብሎ እንደሚታመን ጽፎ፣ የጭስ ማውጫ ከበዛ ወዲህ ሁሉም ራሴን አመመኝ ይላል ሲል ያማርራል። ያመነበትን ጽፏል፤ የሽማግሌዎቹን ቃል ስላቆየልንም አመሰግነዋለሁ።

የጭስ ማውጫው ሲገባ ቤቱ ከውስጥ ተገለበጠ። እሳቱ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ መተላለፊያው ሄደ፤ ግዙፍ የጡብ ግንብ ከወለል እስከ ጣሪያ አልፎ ቆመ። ጭስ ከሌለ አዳራሹ እስከ ጣሪያ ክፍት የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ ስለዚህ በመካከሉ ፎቅ ተዘረጋ፣ ከላይ አዲስ መኝታ ቤት ተገኘ፣ የጠቆሩት እንጨቶች ከኮርኒስ በላይ ጨለማ ውስጥ ቀሩ። ዊልያም ጆርጅ ሆስኪንስ የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ1953 ይህን ለውጥ የገጠሩ ታላቅ ዳግም ግንባታ ብለው ሰየሙት፣ ዘመኑንም ከ1570 እስከ 1640 አደረጉት። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ አጥኚዎች ጊዜው ከግዛት ግዛት እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ የለውጡን ትልቅነት ግን የካደ የለም። በእንግሊዝ ገጠር ዛሬ ቆመው የምናያቸው አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ በዚህ መልኩ የተለወጡ ናቸው። ቤይሊፍ በሲንግልተን እንደገና ሲቆም በኋላ የተጨመረው ተነሥቶለት ወደ ቀድሞ መልኩ ስለተመለሰ ነው አዳራሹን ክፍት ሆኖ ያየሁት። ይህ ውሳኔ የኋለኞቹን ባለቤቶች ሥራ ያጠፋል የሚል ክርክር ሊነሳበት ይችላል፤ እኔ ግን እሳቱን በመካከል ባላይ ኖሮ ምንም ባልገባኝ ነበር።

መንግሥትም ምድጃውን አልተወውም። በ1662፣ በዳግማዊ ቻርልስ ዘመን፣ ለእያንዳንዱ ምድጃ በዓመት ሁለት ሽልንግ ግብር ተጣለ፤ ግማሹ በመጋቢት፣ ግማሹ በመስከረም መጨረሻ የሚከፈል። ቆጣሪዎች ቤት ለቤት እየገቡ ምድጃ ስለሚቆጥሩ ሕዝቡ እጅግ ጠልቶት በ1689 ተሰረዘ። መዝገቡ ግን ቀረ። ዛሬ የታሪክ ሰዎች በየትኛው መንደር ማን ስንት ምድጃ እንደነበረው የሚያውቁት ከዚያ ነው። ቀጥሎ የመጣው የመስኮት ግብር ከ1696 እስከ 1851 ቆየ፤ በዚያን ጊዜ የተደፈኑ መስኮቶች ዛሬም በብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ ይታያሉ።

ከፎቁና ከምድጃው ጋር የተለወጠው የሰዎቹ አቀማመጥ ነው። እሳቱ በየክፍሉ ሲከፋፈል ጌታው ከሠራተኛው ጋር አንድ እሳት መሞቁ ቀረ፤ መጀመሪያ ለብቻው ሳሎን አበጀ፣ በኋላ ለብቻው በላ፣ በመጨረሻም ሠራተኛው ጨርሶ ቤቱ ውስጥ ማደሩን ተወ። ዊልያም ኮቤት የተባለው ጸሐፊ በጥቅምት 1825 በሰሪ ግዛት በሬይጌት አቅራቢያ አንድ ገበሬ እርሻውን ለቆ ሲሄድ ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ ተገኝቶ ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ቀድሞ ሠራተኞች ሁሉ ተሰልፈው የሚበሉበት ረጅሙ የኦክ ገበታ ጥግ ተጥሎ ነበር፤ በዚያው ቤት ግን ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ የደወል ገመድ የተንጠለጠለበት አዲስ ሳሎን ነበር። ኮቤት በንዴት የጻፈው ስለ ሳሎኑ ሳይሆን ስለ ገበታው ነው፤ በዚያ ገበታ ይበሉ የነበሩት ሰዎች በዚያ ዘመን በቀን ገንዘብ ብቻ ተቀጥረው በየጎጆአቸው ይራቡ ነበርና። ቋንቋውም ይህን ይመሰክራል። አዳራሽ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ በአንድ ተራ የለንደን ቤት ውስጥ ካፖርት የሚሰቀልበትን፣ ጫማ የሚወለቅበትን ጠባብ መተላለፊያ ያመለክታል። እኔም የምኖርበት ቤት አዳራሽ ከአንድ ሜትር ብዙም አይሰፋም።

ከሲንግልተን በተመለስኩ ማግስት ለእናቴ ስልክ ደውዬ ያየሁትን ነገርኳት። ጥቂት ሰምታ «ጥቀርሻውን ነው ሰው ከፍሎ የሚያየው?» አለችኝ። «አዎ እማዬ፣ አይጠርጉትም» አልኳት። «እኛ ዕድሜያችንን ስንጠርገው የኖርነውን» ብላ ዝም አለች። ቆይታ ግን «የአያትህ ቤት ምሰሶ እኮ አለ» አለችኝ። የሳር ቤቱ ፈርሶ በቆርቆሮ ሲተካ አባቴ የወይራውን ምሰሶ አልጣለውም ነበር፤ ለኩሽናው ቋሚ አድርጎት ኖሯል። እኔ እዚያ ኩሽና ውስጥ ስንት ጊዜ ተደግፌው ቆሜ ይሆናል፤ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ወንድሜን ከላይ እስከ ታች ፎቶ እንዲያነሣልኝ ለመንኩት። በሁለተኛው ቀን አምስት ፎቶ ላከልኝ። ኩሽናው ዝቅ ያለና በየጊዜው የሚለቀለቅ ስለሆነ የምሰሶው ታች ነጥቷል፤ ከሰው ቁመት በላይ ያለው ግን ጥቁር ነው፣ የዚያ የከፍተኛው የሳር ጣሪያ ጥቁር። በጫፉ አካባቢ የጣሪያው እንጨቶች በጠፍር የታሰሩበት ቦታ ጭስ ስላልደረሰበት እንደ ቀለበት ነጣ ብሎ ይታያል። ፎቶውን አጉልቼ ቆጠርኳቸው፤ አራት ናቸው፣ አንደኛው ከሌሎቹ ይሰፋል። ወንድሜን በሚመጣው ፋሲካ ኩሽናው ሲጠረግ ያን ጫፍ እንዳይነኩት ንገርልኝ አልኩት። እሺ ብሎኛል።